ፕሬፕ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቆምኩ፤ እናንተስ ለምን አቆማችሁ? እንዴትስ ተመለሳችሁ?

ግራር · ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን መድረክ ሁለት ዓመት ያህል እያነበብኩ ዝም ብዬ ቆይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ነገሩን ለብቻዬ ማብሰልሰል ስለ ሰለቸኝ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ የምወደው ወንድ ነው። እርስ በእርሳችን «ዜጋ» የምንባባል ሰዎች ይህ ይበቃናል።

ኤች አይ ቪን አስቀድሞ የሚከላከለውን ክኒን፣ ፕሬፕን፣ የጀመርኩት በፈረንጆች 2018 ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አቁሜያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

መጀመሪያ ያቆምኩት አንድ ሰው ወድጄ ነው። ሁለታችንም ተመርምረን ነጻ ነበርን። አንድ ቀን ጠዋት ክኒኑን ስውጥ አየኝና «አታምነኝም ማለት ነው?» አለ። በማግስቱ ተውኩት። ከስምንት ወር በኋላ ስንለያይ ወዲያው መመለስ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ልቡ የተሰበረ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ክኒን አይደለም። አራት ወር እንዲሁ አለፈ።

ሁለተኛው እህቴ ስታገባ ነው። ለሁለት ወር ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። እናቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ብልቃጡ ላይ «ቴኖፎቪር» የሚል ቃል አለ፤ እናቴ ያንን ስም ለስንት ሕመምተኛ በእጇ ስትሰጥ ኖራለች። ብልቃጡን ካየችው «ልጄ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ» ብላ ታለቅሳለች። «የለም እማዬ፣ እንዳይዘኝ ነው የምወስደው» ብላት ደግሞ «ከምን እንዳይዝህ?» ትላለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል መምረጥ አቃተኝና ብልቃጡን አልጋዬ ሥር ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ማዘዣው ጊዜው አልፎበት ነበር፤ አዲስ የደም ምርመራ ያስፈልጋል ተባለ፤ ቀጠሮው ከአምስት ሳምንት በኋላ ሆነ።

ሦስተኛው ባለፈው ሁዳዴ ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። በዘወረደ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከእንግዲህ ከወንድ ጋር አልተኛም ብዬም ተሳልኩ። ቤት ገብቼ ገና ያልተጋመሰውን ብልቃጥ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፤ ተመልሼ እንዳላወጣው ደግሞ የቡና አተላ ደፋሁበት። ክኒኑ ቤት ውስጥ ካለ ኃጢአቱም ቤት ውስጥ አለ የሚል ሐሳብ ነበር የያዘኝ። ብልቃጡን ስጥል ወንድ የሚወደውን ሰውዬም ከውስጤ አብሬ የጣልኩት መሰለኝ። ደብረ ዘይት ሳይደርስ ስእለቴን አፈረስኩ።

ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስእለቱን ካፈረስኩ ክኒኑን ለምን አልጀመርኩም? ፋሲካ አለፈ፣ ፍልሰታ አለፈ፣ መስከረም ጠባ። በየጊዜው «ይህ የመጨረሻዬ ነው» እላለሁ። ለመጨረሻ ነገር ደግሞ ማን የሠላሳ ቀን መድኃኒት ይገዛል?

የገንዘብ ችግር የለብኝም፤ መድኑ ይሸፍንልኛል። የእናንተን ንገሩኝ።

---

አሮጌው ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:52

ልጄ፣ ኑሮህን እደግፋለሁ ብዬ አልዋሽህም። የመጣሁት ስለ ስኳር በሽታ ላነብ ነበር፤ ርዕስህን አይቼ ገባሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በፈረንጆች 1986 ሲመዘገቡ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት አንተ አታውቃቸውም። በአንድ ሳምንት ሦስት ድንኳን የሚተከልበት ሰፈር ነበረን። ታናሽ ወንድሜን ስቀብር ለዕድሩ «የሳንባ ምች ነው» አልን፤ ዕድርተኛውም እያወቀ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። የሕክምናው መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በፈረንጆች 2005 ነው። ወንድሜ አልደረሰበትም።

ዛሬ ለአንተ ከመያዝህ በፊት የሚውጡት ክኒን ተሰጠህ። አንተ የቡና አተላ ደፋህበት። በምን ልብህ? ኮንዶምስ የት ሄደ?

---

ሞአቢት · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

ጋሼ፣ ወንድምዎን ነፍስ ይማር። ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ግን «በምን ልብህ» ሲባል የሚሰማ ሰው ቀጠሮ አይዝም፤ ይደበቃል። ግራርም የተደበቀው ከዚያው ድምፅ ይመስለኛል።

እኔ በርሊን ነው ያለሁት። እዚህ ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ የሕዝብ ጤና መድኑ ፕሬፕን ይሸፍናል፤ ስለዚህ የዋጋ ነገር ብዙም አይነሳም። ሆኖም ሰው ያቆማል፤ ይጀምራል። በ2020 የኮሮና ገደብ ሲመጣ የማውቃቸው በሙሉ ማለት ይቻላል አቆሙ፤ ማንም ማንንም አያገኝማ! ያንን ማንም ጥፋት አላለውም። አደጋው የሰው ኑሮ መውጣት መውረዱ አይመስለኝም፤ ኑሮው ወደ ነበረበት ሲመለስ ክኒኑ አብሮ አለመመለሱ ነው። ያኔም ቤት መዋሉ ሲያበቃ ሰው ወደ ጭፈራ ቤቱ በአንድ ምሽት ተመለሰ፤ ወደ ሐኪሙ ለመመለስ ግን ወራት ፈጀበት።

እኔ አሁን በየቀኑ አልወስድም። ሁለት–አንድ–አንድ የሚባለውን ነው የምከተለው፤ ከግንኙነቱ በፊት ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለት ክኒን፣ ከመጀመሪያው መጠን 24 ሰዓት በኋላ አንድ፣ በ48 ሰዓት ሌላ አንድ። ግንኙነቱ ከቀጠለ በየ24 ሰዓቱ አንድ እየወሰድኩ እቆይና ከመጨረሻው ቀን በኋላ ሁለት ቀን ጨምሬ አቆማለሁ። ፈረንሳይና ካናዳ ውስጥ 400 ሰዎች የተሳተፉበት ኢፐርጌ የተባለው ጥናት በዚህ አወሳሰድ በቫይረሱ መያዝ 86 በመቶ መቀነሱን በ2015 አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከወንድ ጋር ለሚተኙ ወንዶች ተቀብሎታል። ለእኔ የለወጠው ነገር፣ ማቆም የሚባለው ነገር መቅረቱ ነው። ክኒኑ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ስፈልገው አነሣዋለሁ።

ድክመቱን ልናገር፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ማወቅ አለብህ። «ይህ የመጨረሻዬ ነው» እያለ ለሚኖር ሰው አስቀድሞ ማቀድ ማለት ራስን ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ለግራር ይሆናል ብዬ አልምልም።

---

ፋርማሲስቷ · ረቡዕ፣ ቀን 7:15

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በመድኃኒት ቤት መስኮት ማዶ የሚቆመው ሰው ሐበሻ ሆኖ ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም። እኔም አንዷ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ተራው ደርሶ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበ፤ «ቦርሳዬን መኪና ውስጥ ረሳሁ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ክኒኑ በወረቀት ከረጢት ተዘጋጅቶ መደርደሪያ ላይ ሰነበተ፤ ቀኑ ሲያልፍ ወደ ቦታው መለስነው። ምስጢሩን እንድጠብቅ ሕግ ያስገድደኛል። እሱ ሕጉን ላያውቅ ይችላል፤ ፊቴ ግን የአክስቱን ሳይመስለው አልቀረም። ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበው «አልወሰደም» የሚል ብቻ ነው። እንዲህም ይቆማል።

ግራር ወንድሜ፣ ለምን እንዳልተመለስክ አልነግርህም፤ አንተው ነግረኸናል። እንዴት እንደምትመለስ ግን ልንገርህ።

በመጀመሪያ ደም። በክኒኑ ውስጥ ያሉት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፤ ቴኖፎቪርና ኤምትሪሲታቢን። ለመከላከል ይበቃሉ፤ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ግን ብቻቸውን አያክሙም፤ ቫይረሱ ይለማመዳቸውና መሥራት ያቆማሉ። ስለዚህ ቤት የቀረ ብልቃጥ አግኝቶ ዝም ብሎ መጀመር አይገባም። ከክንድ በተወሰደ ደም ላቦራቶሪ የሚሠራው የአንቲጂንና የአንቲቦዲ ምርመራ ቫይረሱን የሚያገኘው ከተጋለጡ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ደግሞ ከ10 እስከ 33 ቀን። በቅርብ ሳምንታት የሆነ ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገረው፤ ሁለቱንም ያዝልሃል። ባለፉት 72 ሰዓታት ውስጥ የሆነ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ድንገተኛ ክፍልም ቢሆን ሂድ፤ ከተጋለጡ በኋላ ለ28 ቀን የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት አለ።

«ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ» ስላልከው፣ ሌላ ክሊኒክ ጠይቅ። ደሙ በተቀዳበት ዕለት ክኒኑን አስጀምሮ ውጤቱን በኋላ ማየት በአሜሪካ መመሪያ የተፈቀደ አሠራር ነው። ከጀመርክ በኋላ ከወንድ ጋር ለሚደረግ ግንኙነት መከላከያው እስኪሞላ በየቀኑ እየወሰድክ 7 ቀን ያህል ጠብቅ ይላል የእዚህ አገር መመሪያ። እንግሊዞች ደግሞ ከግንኙነቱ ከ2 እስከ 24 ሰዓት በፊት ሁለት ክኒን በመውሰድ ያስጀምራሉ። በትክክል የሚወስደው ሰው በግንኙነት የመያዝ ዕድሉን 99 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

አሁን የእኛ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር። ከኢትዮጵያ በመጣን ሰዎች ዘንድ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ እዚህ ከተወለዱት ይልቅ በብዛት ይገኛል፤ ብዙ ሰው እንዳለበት ሳያውቅ ዕድሜውን ይገፋል። እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ያንንም ቫይረስ ያፍናሉ። ያለበት ሰው ክኒኑን በድንገት ሲያቆም ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበቱን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ሲጀመር የተመረመርከውን የሄፓታይተስ ውጤት ፈልገህ እይ። ካለብህ ሞአቢት የሚለው አወሳሰድም፣ የሁዳዴው ዓይነት ማቆምም ለአንተ አይሆንም።

---

ሁለት ስልክ · ረቡዕ፣ ማታ 2:40

ባለትዳር ነኝ፤ የሁለት ልጆች አባት። ሚስቴን እወዳታለሁ፤ ወንድም እወዳለሁ። የምትሳደቡ ካላችሁ ተሳደቡ፤ ከእናንተ በፊት እኔው ጀምሬዋለሁ።

ያቆምኩት ሚስቴ ሁለተኛውን ልጅ ስታረግዝ ነው። ከግራር ስእለት ጋር አንድ ነው። «ከእንግዲህ አባት ነኝ» አልኩ፤ አባት የመሆን ምልክቴ ክኒኑን መተው ሆነ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያህል ከማንም ጋር አልነበርኩም፤ እውነቴን ነው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የሆነ ነገር ሆነ። ያን ሌሊት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም። የምታጠባ ሴት ቤት ውስጥ አለች። በማግስቱ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩና የ28 ቀኑን ወሰድኩ። እነዚያን 28 ቀናት ለሚስቴ «ወገቤን አሞኛል» እያልኩ ሶፋ ላይ ተኛሁ።

አሁን በየቀኑ እወስዳለሁ። ለቃል ኪዳን ብዬ አላቆምም። የጋሼን «ኮንዶምስ?» ልመልስ፤ ኮንዶም የሚያስፈልገው በዚያች ደቂቃ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ማን እንደሆንኩ መቀበል አልችልም። ክኒኑን የምውጠው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደፋር ነኝ።

አንድ ጥያቄ ለፋርማሲስቷ። ብልቃጡን መኪናው የጓንት ሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ችግር አለው?

---

ፋርማሲስቷ · ረቡዕ፣ ማታ 3:05

አለው፤ በተለይ በበጋ። የሚቀመጠው በክፍል ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ምን ያህል እንደሚግል ታውቃለህ። ከክኒኑ ጋር ያለችውን ትንሿን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም ከብልቃጡ አታውጣት። የሥራ ቦታ መሳቢያ ካለህ ይሻላል። ባለቤትህም በየጊዜው ብትመረመር ደስ ይለኛል፤ ክኒኑ ለቂጥኝ፣ ለጨብጥና ለክላሚዲያ አይሠራም። በየሦስት ወሩ አንተን የሚመረምሩህም በከፊል ለዚህ ነው።

---

[ይህ መልእክት የመድረኩን ደንብ ስለ ጣሰ በአስተዳዳሪው ተነሥቷል።]

---

26 ሞላኝ · ሐሙስ፣ ሌሊት 6:20

የተነሣው መልእክት ምን እንዳለ ሳላነብ አውቀዋለሁ። ቤታችን በየእሑዱ ምሳ ላይ እሰማዋለሁ።

የእኔ ምክንያት ፖስታ ነው። እዚህ አሜሪካ ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጁ መድን ሥር መቆየት ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ብቻ መድን ድርጅቱ «ይህን ያህል ከፍለንልሃል» የሚል ደብዳቤ ለመድኑ ባለቤት ይልካል። የመድኑ ባለቤት አባቴ ነው። አባቴ ደብዳቤ ሁሉ ይከፍታል፤ የፒዛ ማስታወቂያ ሳይቀር በመነጽር ያነባል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ ቀድሜ አገኘሁት። ሁለተኛውን ደግሞ አገኘዋለሁ ብዬ ለመቆመር ልብ አጣሁና አቆምኩ። ሰባት ወር።

በኋላ አንድ ነርስ ነገረችኝ፤ ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ ወይም በኢሜይል ለእኔ ብቻ እንዲላክ መድን ድርጅቱን በቅጽ መጠየቅ ይቻላል። ሞላሁት፤ ተመለስኩ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ስል 26 ዓመት ሞላኝና መድኑ ራሱ ተቋረጠ! አሁን ትሩቫዳ የሚባለውን ዋናውን ሳይሆን ሌሎች አምራቾች የሚሠሩትን አቻውን ክኒን በራሴ ገንዘብ እየገዛሁ ነው። በ2021 ብዙ አምራቾች ከገቡ በኋላ ዋጋው በጣም ወርዷል፤ በቅናሽ ካርድ በወር ጥቂት አሥር ዶላሮች ነው። ድሮ የትሩቫዳ የወር ዋጋ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። የሚከብደው ክኒኑ ሳይሆን የደም ምርመራው ክፍያ ነው፤ እሱን ከማኅበረሰብ ክሊኒክ በነጻ አገኘሁ። ክሊኒኩ ቤታችን አጠገብ ቢኖርም ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሌላ ቅርንጫፉ ጋ እሄዳለሁ፤ ምክንያቱን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

---

ከክፍተቱ በኋላ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:00

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

በኮሮና ጊዜ እዚህ አሜሪካ የመንግሥት የጤና መድን ማንንም አያስወጣም ነበር። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ክፍለ ሀገራቱ ሰውን እንደገና እያጣሩ ማስወጣት ጀመሩ። የእኔ ቅጽ የተላከው ወደ ለቀቅሁት ቤት ነው። መድኔ መቋረጡን ያወቅሁት መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው፤ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ሳለ። «እስኪስተካከል ጥቂት ሳምንት ነው» ብዬ ወጣሁ። ታክሲ እነዳ ነበር፤ ስልክ ላይ አርባ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ጽሕፈት ቤት ለሾፌር አይመችም። ጥቂት ሳምንት የተባለው አምስት ወር ሆነ።

በአራተኛው ወር ለአንድ ሳምንት አተኮሰኝ፤ ጉሮሮዬ አበጠ፤ ሰውነቴ ሽፍ አለ። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላሁ። መድኑ ተመልሶ ፕሬፕ እንደገና ልጀምር ደም ስሰጥ ነው የተነገረኝ።

ደኅና ነኝ። በቀን አንድ ክኒን እወስዳለሁ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሆነ። በዚያ ሁኔታ ለማንም በግንኙነት አላስተላልፍም፤ ሳይንሱ በዚህ ጥርጥር የለውም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን ነው። የመከላከያውን ክኒን እረሳ ነበር፤ እዘል ነበር። የሕክምናውን ግን አንድም ቀን አልዘለልኩም። አንድ ዓይነት አፍ፣ አንድ ዓይነት ውኃ፣ አንድ ዓይነት ጠዋት። ለምን ብዬ ብዙ አሰብኩ። የሕክምናው ክኒን «ሕመምተኛ ነህ» ይለኛል፤ ሕመምተኛ መሆንን እናቴም ታዝንለታለች። የመከላከያው ግን በየጠዋቱ «ዛሬም ትፈልጋለህ፣ አይደል?» ይለኝ ነበር።

---

አሮጌው ፒያሳ · ሐሙስ፣ ጠዋት 4:25

ልጄ፣ ያንተን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። መድኃኒትህን ወስደህ ኑርልኝ።

ግራር፣ «በምን ልብህ» ያልኩህን ትቼዋለሁ። ስለ ስእለቱ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ይህ እንኳን የእኔ ነገር ነው። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን ጸበል የሚገቡ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ጥለው ሲሞቱ ፓትርያርኩ ራሳቸው «ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» በሚል መንፈስ መክረዋል። ያኔም ሰው ክኒኑን የሚጥለው ለእምነቱ ማረጋገጫ ነበር። ለንስሐ አባትህ የምትነግረውን ንገራቸው፤ ክኒን ጣልልኝ የሚል ቀኖና ግን በዕድሜዬ አልሰማሁም።

---

ዳገት · ሐሙስ፣ ማታ 1:10

ስለ ፕሬፕ መርፌው ያወራ የለም? መደበቅ የማያስፈልገው፣ የማይረሳ፣ እናት የማታገኘው። እኔ በየሁለት ወሩ የሚወጋውን ካቦቴግራቪር ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። አሁን ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ሌናካፓቪር በጁን 2025 እዚህ አሜሪካ ጸድቋል። ለግራር ዓይነቱ ስእለተኛ ፍቱን ይመስለኛል፤ በሁዳዴ መሐል ብልቃጥ አትጥልም፣ ብልቃጥ የለማ!

---

ፋርማሲስቷ · ሐሙስ፣ ማታ 2:00

ጥሩ አማራጭ ነው። በሌናካፓቪር ጥናት ከ2,179 ወንዶችና ትራንስ ሰዎች መካከል ቫይረሱ የያዛቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ እጅግ ጥሩ ውጤት ነው። ብልቃጥ የለም ማለት ግን ማቆም የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም መርፌን ማቆም ከክኒን ይልቅ ይወሳሰባል። ክኒኑ ሲቆም ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። መርፌው በቀላሉ አይወጣም፤ ቀጠሮ ከተዘለለ መድኃኒቱ መጠኑ እየወረደ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ለመከላከል የማይበቃ፣ ቫይረሱ ከገባ ግን እንዲለማመደው የሚበቃ ጭራ ነው። ስለዚህ መርፌ የሚያቆም ሰው አሁንም የሚጋለጥ ከሆነ ወደ ክኒን ተሸጋግሮ ነው የሚያቆመው። በተቆጣ ስሜት የሚያቆም ሰው ይህን ያስብ ይሆን? ያ ነው ጥያቄዬ።

---

ዳገት · ሐሙስ፣ ማታ 2:12

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሳልጠይቅም ቀርቼ ይሆናል። አመሰግናለሁ እኅቴ።

---

ግራር · ሰኞ፣ ማታ 3:30

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። ዓርብ ዕለት ሄድኩ፤ ሞአቢት እንዳለው ሳላቅድ፣ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ያለ ክሊኒክ ገባሁ። ሁለቱም ምርመራ ታዘዘልኝ። ውጤቱ ዛሬ ጠዋት መጣ፤ ነጻ ነኝ። ሄፓታይተስ ቢ የለብኝም፤ ክትባቱንም ጀምሬያለሁ። ክኒኑን ዓርብ ማታ ነው የዋጥኩት። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ እስከ ሰባት እየቆጠርኩ ነው። ትንሽ ያቅለሸልሸኛል፤ ባለፈውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ ነበር፤ በራሱ ጠፋ።

አንድ ነገር አሳቀኝ። የሚሞላ ቅጽ ሰጡኝ፤ «ከዚህ በፊት ፕሬፕ ካቆሙ ምክንያቱን ያመልክቱ» ይላል። ዋጋ፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ መርሳት፣ ከአንድ ሰው ጋር መሆን፣ ሌላ። ለመጀመሪያው ጊዜ የሚሆን ሳጥን አገኘሁ። ለእናቴ ሳጥን የለም። ለሁዳዴም የለም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አጠገቡ መጻፊያ መስመር ነበረው፤ ርዝመቱ እንደ አውራ ጣቴ ነው።

---

ፋርማሲስቷ · ሰኞ፣ ማታ 3:48

እልል! ክኒኑን ከየት ነው የምትወስደው? መስኮቱ ላይ ሐበሻ ካጋጠመህ ደግሞ እንዳትወጣ።

---

ግራር · ሰኞ፣ ማታ 3:55

በፖስታ ይምጣልኝ ብያለሁ፤ በቡናማ ካርቶን፣ የላኪው ስም ሳይጻፍበት። ለአሁኑ።